ቃጭል የለውም ስላልኩት ጋሪ

የምስክር ተጨማሪ ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ እማዋይሽ ይሄይስ ገብረሰንበት
ዕድሜ፦ በግምት 67
አድራሻ፦ ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ቀበሌ 02
ሥራ፦ የጌሾ ንግድ
ሃይማኖት፦ ኦርቶዶክስ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ኅዳር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ክንፈሚካኤል ናሁሰናይ
ጉዳዩ፦ ጥቅምት 18 ቀን 1999 ዓ.ም. በገበያው መንገድ ላይ የደረሰ የጋሪ አደጋ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ከዚህ ቀደም በዚሁ ጉዳይ ቃሌን ሰጥቼ የነበረ ሲሆን፣ ያ ቃል ትክክል ሆኖ ስላላገኘሁት ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ በራሴ ፈቃድ መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን ከመጀመሬ በፊት ሳጅኑ መስኮቱን ከጀርባው አድርጎ ተቀምጦ ስለነበር ፊቱ ጨለማ ሆነብኝና ወንበሩን እንዲያዞርልኝ ጠየቅሁት፤ አዞረልኝ። እጁን ከአፉ ላይ እንዲያነሳም ነገርኩት፤ አነሳ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ሲያስብ አፉን የመያዝ አመል አለው። ይህንንም ጻፈው ብዬው እየሳቀ ጽፎታል።

ጥቅምት 18 ቀን ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ በግምት አራት ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቴ ከሆነችው ከወ/ሮ ሀብትነሽ ጋር ወደ ገበያ እየሄድን ነበር። እሷ ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ እኔ ጌሾ እሸጣለሁ፤ የምንቀመጠውም ጎን ለጎን ነው። አብረን ስንሄድ ሁልጊዜ እሷ በመንገዱ በኩል፣ እኔ በዳሩ በኩል ነኝ። እንዲህ ያደረገችው እሷ ናት እንጂ እኔ መርጬው አይደለም። በዚያን ዕለት ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከቤቶቹ መሐል አልፎ የሚታየው የጤፍ ማሳ ገና አረንጓዴ ነው፤ ነፋሱ ያስተኛዋል፣ መልሶ ያነሳዋል። ሀብትነሽ ጅጋ ስላለችው ልጇ እያወራችኝ ነበር መሰለኝ። እኔ ማሳውን እያየሁ እሄድ ነበር።

ወዲያው ጀርባዬን አንድ ነገር በኃይል መታኝና በደረቴ ተደፋሁ። ቀና ስል ጌሾዬ ተበትኗል፤ አንድ ዳማ ፈረስ በኋላ እግሩ ቆሟል፤ ጋሪው ወደ ጎን ተጋድሟል፤ ሀብትነሽ ከጎማው ሥር ናት። ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ይሮጣሉ። ባለጋሪው ገነነ ወርዶ በሁለት እጁ ራሱን ይዟል። ይህ ሁሉ ሲሆን ለእኔ በዝምታ ነበር። ሰው በሕልሙ አፉን ከፍቶ ሲጮህ ድምፁ አልወጣ እንደሚለው ነበር፤ ያየሁትን ሁሉ አስታውሳለሁ፣ የሰማሁት ግን አንድም የለም። በዚያን ሰዓት ድንጋጤው ያደረገኝ ነው ብዬ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጠርቶኝ በሰጠሁት ቃል፣ ጋሪው ቃጭል ያልነበረው መሆኑን፣ ባለጋሪውም ዞር በሉ ብሎ ያልተጣራ መሆኑን፣ የጋሪው እንጨት ከኋላዬ መትቶ የጣለኝ መሆኑን ተናግሬያለሁ። ፈረሱን እየገረፈ ነበር ወይ ተብዬም ተጠይቄ ኖሮ፣ አዎ የሚል መልስ ተጽፏል። በዚህ ቃል ምክንያት ገነነ ታሰረ። አደጋውን ባደረሰው ፈረስ አንገት ላይ ቃጭል ታስሮ ቢገኝም፣ የዓይን ምስክሯ አልነበረውም ስላለች ከአደጋው በኋላ የታሰረ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ሌሎች ባለጋሪዎች ቃጭሉ ነበረ ብለው ቢመሰክሩም ለባልንጀራቸው አድልተው ነው ተባለ። ዋስ የሚሆነውም ሰው አጣ። ከእኔ ቃል በቀር የሚያስረው ነገር አልነበረም፤ የእኔ ቃል ግን በቃ። ሠላሳ ዓመት እዚሁ ገበያ ተቀምጬ ሳልዋሽ ስለኖርኩ ሰው ያምነኛል።

ያልኩትም ዋሽቼ አይደለም። በዚህች ከተማ ያሉ ጋሪዎች በሙሉ ቃጭላቸውን የፈቱ መሆኑን እኔ ካመንኩ ቆይቻለሁ። ድሮ ጋሪዎቹ ከቡሬ መውጫ በኩል ገና ከሩቅ ሲመጡ ቃጭላቸው እየተንጫጫ ይቀድማቸው ነበር። በጠዋት ተነስቼ ጌሾ ሳሰጣ፣ የትኛው ጋሪ እንደሚመጣ በቃጭሉ እለየው ነበር። ከዚያ እየቆየ ዝም አሉ። መጀመሪያ የሩቆቹ ጠፉ፣ ከዚያ የቅርቦቹ። ጋሪዎቹ በአጠገቤ እንደ ጉም ያልፉ ጀመር፤ ፈረሱ ይራመዳል፣ ጎማው ይዞራል፣ ሰዎቹ ላዩ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ፣ ድምፅ የለም። በቀበሌ ስብሰባም እጄን አውጥቼ፣ ባለጋሪዎች ቃጭላቸውን ስለፈቱ ይቀጡልን ብዬ ተናግሬያለሁ። ሰው ሳቀ። የደገፉኝ መስሎኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እንዲሁ በጓሮዬ ካለው ዋንዛ ላይ ወፎቹ ሄዱ። ባሕር ዛፍ በዝቶ አባረራቸው አልኩ። የፌንጣውም ነገር እንደዚያው ሆነ፤ መስከረም ሲጠባ ሣሩ ውስጥ ሲዘሉ አያለሁ፣ ዝም ብለው ይዘላሉ። በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ስቆም ከበሮው መጥቶ ደረቴን ይመታኛል፤ ጸናጽሉ ግን የለም። የካህናቱ እጅ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ፤ ጸናጽሉ በጧፉ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ምንም አይልም። የዘንድሮ ካህናት ሰንፈዋል፣ ጸናጽሉን ለወግ ይይዙታል እንጂ አይመቱትም ብዬ በልቤ አምቻቸዋለሁ። ስለዚህም ንስሐ እገባለሁ። ሳጅኑ ይህ ከጋሪው አደጋ ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ ጠይቆኝ፣ የሚያገናኘው ይኸው ነው፣ ዝም ብለህ ጻፍ ብዬ መልሻለሁ።

ሰው ሲያናግረኝም ወንዶቹ ይሻላሉ። የሴቶቹና የልጆቹ ንግግር ግን ጫፍ ጫፉ ተበልቶ ነው የሚደርሰኝ። የተቀረውን ከሁኔታው እሞላዋለሁ። ጌሾ ሊገዛ የመጣ ሰው ምን ሊል ይችላል? ቤት ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ደህና እሰማለሁ፤ ገበያ ላይ ግን ድምፁ ሁሉ አንድ ላይ ይቦካብኛል። ስለዚህ የዘመኑ ሰው አፉን ሳይከፍት ያወራል እያልኩ ምራቴን ስቆጣ፣ የልጅ ልጆቼን ስገሥጽ ኖሬያለሁ። እነሱም አርጅታ ነገረኛ ሆነች ብለው ቻሉኝ። በአገራችን ደግሞ ታላቅ ሰው ሲያናግሩ አንገት ደፍቶ፣ ድምፅ ቀንሶ፣ ሴት ከሆነች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ነው። ባረጀሁ መጠን ሰው ያከብረኝ ጀመር፤ ባከበሩኝም መጠን አንገታቸውን ይደፋሉ፣ እኔም የሚሉትን አልይዝም። በዚህ ላይ እሺ ማለት ቀላል ነው። እሺ ያለ ሰው አይጠየቅም። አንዳንዴም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዝምታው ደስ ይለኝ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ፀሐዩ ጀርባዬን ሲመታኝ፣ ሰዉ ሁሉ ከሩቅ ያለ ይመስለኝና እንቅልፍም ሳይሆን ንቃትም ሳይሆን እቀመጥ ነበር።

ተጠርጣሪው ከታሰረ በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ እናኑ የተባለችው ባለቤቱ ጌሾ ከምሸጥበት ቦታ መጥታ ተንበርክካ እጄን ያዘች። ሰዓቱ ገበያው የሞላበት ነበር። ነጠላዋን በአፏ ላይ ይዛ ብዙ ተናገረች። እንባዋን አየሁ፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ አንድም ቃል አልደረሰኝም። ስለ ባሏ ይቅርታ የምትጠይቀኝ መሰለኝ። አሳዘነችኝና፣ እሺ ልጄ፣ እሺ፣ አይዞሽ አልኳት። ጉልበቴን ስማ ሄደች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሳ መጣች። በዚህ ጊዜ አልተንበረከከችም። ነጠላዋን ከአፏ ላይ ጎትታ፣ ፊቷን ወደ ፊቴ አስጠግታ፣ በቁጣ ድምፅዋ ወፍሮ ተናገረች፤ ስለዚህ ሰማኋት። "እሺ ብለውኝ አልነበረም ወይ? ቃጭሉ እንደነበረ ሄደው ይናገሩልኝ ብዬ ለምኜዎት፣ እሺ፣ አይዞሽ አላሉኝም? ስንቅ ላደርስለት ስሄድ፣ እሜቴ እሺ ብለውኛል፣ ነገ ትፈታለህ ብዬ ነገርኩት እኮ! ሲጠብቅ ከረመ!" አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር አልጠየቅሽኝም እንዳልላት፣ ጠይቃኝ እንደሆነስ ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ብዬ ስፈራ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው እስር ቤት ተቀምጦ የእኔን እሺ ሲጠብቅ እንደነበረ ሳስበው በዚያን ቀን እህል አልወረደልኝም። ሆኖም ጋሪው ቃጭል የለውም ማለቴን አልተውኩም፤ አልሰማሁማ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሰኞ ሳጅን ክንፈሚካኤል አስጠርቶኝ በዚሁ ክፍል ቀረብኩ። ከፈረሱ አንገት ላይ ተፈትቶ በኤግዚቢትነት የተያዘውን ቃጭል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ያውቁታል ወይ አለኝ። አላውቀውም አልኩ። ከነሐስ የተሠራ፣ ጠርዙ የተበላ፣ በቆዳ ማሰሪያ የታሰረ ነው። ሳጅኑ ማሰሪያውን ይዞ አነሳውና ነቀነቀው። እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እንደገና ነቀነቀው። ቃጭሉ ወዲህና ወዲያ ሲወዛወዝ ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ጠርዙ ላይ ይመላለሳል፤ ዓይን ይወስዳል፤ እሱን ሳይ ቆየሁ። ኋላ ሳጅኑ ዝም ብሎ ሲያየኝ ጊዜ፣ ምን ትጠብቃለህ፣ ምታው እንጂ አልኩት። ሳጅኑ አሁንም ነቀነቀው፤ በዚህ ጊዜ በኃይል። በሩ አጠገብ ቆሞ የነበረው ፖሊስ ሁለት ጆሮዎቹን በእጁ ያዘ።

እኔ ተናደድኩ። መምቻውን አውልቃችሁ በአሮጊት ልትጫወቱ ነው ወይ ብዬ ከእጁ ቀማሁት። ጣቴን ወደ ውስጥ ስሰድ መምቻዋ ብረት አለች። ራሴ ነቀነቅሁት። ነሐሱ እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ንዝረቱ እስከ ክርኔ ድረስ ወጣ። መዳፌ ያውቀዋል፣ ጆሮዬ አያውቀውም። ደጋግሜ ነቀነቅሁት፤ ሳጅኑ በቃዎ እናቴ እያለኝ ኖሮ፣ አላየሁትምና አልሰማሁትም። ከዚያ አስቀመጥኩት። ወፎቹ ትዝ አሉኝ። የትም አልሄዱም ማለት ነው። ሳጅኑ ውኃ ሰጥቶኝ ጠጣሁ፤ አለቀስኩም። ያለቀስኩት ስለ ጆሮዬ ብቻ አልነበረም፤ ያ ባለጋሪ ልጅ በእኔ ጆሮ ስለታሰረ ነው።

በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሲስተር ሰብሊ የተባለች ነርስ አይታኛለች። በመብራት ጆሮዬን ውስጡን አየች፤ አልቆሸሸም፣ አልቆሰለም አለች። ሹካ የመሰለ ብረት መትታ ከጆሮዬ ኋላ ካለው አጥንት ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ከዚያ ጆሮዬ ፊት አድርጋ አሰማችኝ፣ መቼ እንደሚጠፋብኝም ጠየቀችኝ። ስታናግረኝ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ አልጮኸችም፤ ረጋ ብላ፣ ድምፅዋን ወፈር አድርጋ ተናገረች። ሁሉንም ሰማኋት። ጮኸው ሲነግሩኝ ያልሰማሁትን ይቺ ልጅ ሳትጮህ ስታሰማኝ ተአምር መሰለኝ።

የነገረችኝ እንዲህ ነው። በጆሮ ውስጠኛ ክፍል ድምፅ የሚቀበሉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነገሮች አሉ፤ ዕድሜ ሲገፋ እነሱ ያልቃሉ። መጀመሪያ የሚሄዱት ቀጫጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው፤ ቃጭልን፣ ወፍን፣ የልጅን ድምፅ። ወፍራሙ ይቆያል። በሁለቱም ጆሮ ቀስ በቀስ ስለሚሆን ባለቤቱ ከሰው ሁሉ ኋላ ነው የሚያውቀው። እርግማንም ቡዳም አይደለም፤ ነገረኛ መሆንም፣ አእምሮ መሳትም አይደለም። የሄደውን የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ነገር ግን ባሕር ዳር ሄጄ ብመረመር ጆሮ ላይ የሚደረግ መስሚያ ሊረዳኝ ይችላል፤ እስከዚያውም ሰው ፊት ለፊቴ ሆኖ፣ ብርሃን ፊቱ ላይ ሆኖ፣ አንድ በአንድ ያናግረኝ። የማይሰማኝን አልሰማሁም ብዬ ልጠይቅ። ከዚያ፣ "እናቴ፣ ሳይሰሙ አዎ ማለት ያበዛሉ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ፊቴን አይታ፣ "ይህንንስ ሰምተውኝ ነው?" አለች። ሰምቻታለሁ። ሁለታችንም ሳቅን።

ከጤና ጣቢያ ስወጣ አንድ ነገር ልቤን ያዘው። ያን ቀን ሀብትነሽ አጠገቤ ነበረች። እሷ ትሰማለች። ፖሊስ ሐኪም ቤት ሄዶ ሲጠይቃት ግን አላስታውስም ብላ ነበር። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ገበያዬን ትቼ በሚኒባስ ወደ ጅጋ ሄድኩ። ሀብትነሽ ጭኗ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ ከልጇ ቤት ተኝታለች። ልጇን ውጭ ቆይልን ብዬ፣ በሩን ከፍቼ፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ አድርጌ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሀብትነሽ አየችኝና ከመናገሬ በፊት ገባት።

"ቃጭሉ ነበር?" አልኳት።

"ነበር" አለች።

"ጮኾም ነበር?"

"ዞር በሉ፣ ዞር በሉ እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ፈረሱ ደንግጦበት ነው እንጂ አልገረፈውም። ነጠላሽን ብስብሽ አንች ዓይንሽ ጤፉ ላይ ነው። ጊዜ አልነበረም። በሁለት እጄ ገፋሁሽ።"

ጀርባዬን የመታኝ የጋሪው እንጨት አልነበረም። የሀብትነሽ እጅ ነበር። እኔን ገፍታ እሷ ከጎማው ሥር ቀረች።

"ታዲያ ለፖሊሱ ምነው አላስታውስም አልሽ?" አልኳት።

"ቃጭሉ ነበር ብል፣ እማዋይሽ ምነው ሳትሰማ ቀረች ይሉኛል። ገበያው ሁሉ ያውቃል። ደንቆሮ ይሉሻል። ልጆችሽም ገበያ አትሄጅም ብለው ከቤት ያስቀምጡሻል። ሴት ልጄን ከዳርኩበት ዓመት ጀምሮ ደብቄ ኑሬ፣ ምን ሁኜ አሁን ላውጣብሽ?" አለችኝ።

በመንገዱ በኩል የምትሄደው ለዚህ ኖሯል። ገበያ ላይ ሰው ሲያናግረኝ ጣልቃ እየገባች የምትመልሰውም ለዚህ ነው፤ እኔ ወሬኛ ናት እላት ነበር። "አንች ሴት፣ የሰው ልጅ አሳስረሽ እኔን ትሸፍኛለሽ? ደንቆሮ ይበሉኝ! ጆሮዬን እንጂ ነፍሴን መች አጣሁ!" ብዬ ተቆጣኋት። እሷም፣ እኔስ ጭኔን የሰበርኩት ለማን ሆነና ነው ብላ ተቆጣች። ከዚያ ተቃቅፈን ተላቀስን። ልጇ ደንግጣ ገባች። ሀብትነሽ ያየችውንና የሰማችውን ለመመስከር ፈቅዳለች፤ መንቀሳቀስ ስለማትችል ፖሊስ ጅጋ ድረስ ሄዶ ቃሏን እንዲቀበል እጠይቃለሁ።

በመሆኑም በመጀመሪያው ቃሌ ቃጭል አልነበረም ያልኩት፣ እኔ አልሰማሁም ተብሎ ይስተካከልልኝ። አልተጣራም ያልኩትም እንደዚያው። ፈረሱን ሲገርፍ አላየሁም፤ ጥያቄውንም አልሰማሁም፤ እንዲያው አዎ ብያለሁ። የጋሪው እንጨት መታኝ ያልኩት ስህተት ነው። ያየሁት ግን እንዳለ ይቆይልኝ፤ ፈረሱን፣ ሀብትነሽን፣ ራሱን ይዞ የቆመውን ባለጋሪ አይቻለሁ።

ሳጅኑ ቃልን መለወጥ በሕግ ሊያስጠይቅ እንደሚችል፣ ከእንግዲህም ሰማሁ ብዬ የምናገረውን ሰው ላያምነኝ እንደሚችል አስረድቶኛል። ይህን ሲነግረኝ እንዳይከፋኝ ብሎ ድምፁን ቀነሰ፤ ድገመው አልኩት፤ ደገመው። መልሴም፣ ይጠየቅ የተባለ እንደሆነ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ ልጁ ግን በእኔ ምክንያት ከእንግዲህ አንድም ቀን ታስሮ አይደር የሚል ነው። አፈርሽ ወይ ብባል አፍሬያለሁ። ትናንት ለደንበኞቼ፣ ጆሮዬ ደክሟል፣ ፊት ለፊቴ ቁሙና ረጋ ብላችሁ ንገሩኝ ብያለሁ። አንዳንዱ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ ሕፃን ያናግረኛል፤ አንዱ ጆሮዬ ሥር ገብቶ ጮኸብኝ፤ ሁለቱ ከሌላ ሴት ገዙ። ምራቴ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ስታናግረኝ ዋለች። ድምፅዋ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቃሌን እንደጨረስኩ ተጠርጣሪው ገነነ ከማረፊያ ክፍል ወደዚህ ክፍል ቀርቧል። በሳጅኑ ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ መሬት እያየ አንድ ነገር ተናገረ። አልሰማሁትም። ሳጅኑ ቀና በል፣ ፊትህን አሳያቸው አለው። ልጁ ታላቅ ሰው ፊት ቀና ማለቱ ከብዶት ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀና አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። "ጮኼ ነበር እናቴ፣ ዞር ይበሉ ብዬ ጮኼ ነበር" አለኝ።

ሰማሁህ አልኩት።

ይህ ቃል ተጽፎ ካለቀ በኋላ ሳጅኑ እንደ ደንቡ ሊያነብልኝ ሲጀምር፣ አቁም ብዬ ወረቀቱን ተቀብዬዋለሁ። በመጀመሪያው ቃሌ ግርጌ፣ ተነቦልኝ ሰምቼ ፈረምኩ የሚል አለ። በዚያን ቀን ቃሌን የተቀበለው ፖሊስ ወደ ወረቀቱ አጎንብሶ ሲያነብ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ አንዲት ቃል አልሰማሁም፤ ሰው የታሰረበትን ወረቀት ራሴን እየነቀነቅሁ ፈርሜያለሁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ቀስ ብዬ አነባለሁ። ስለዚህ ሳጅኑ ይህኛውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳነብ ቁጭ ብሎ ጠብቆኛል፤ ገነነም ቆሞ ጠብቋል። የተጻፈው ሁሉ እኔ የተናገርኩት፣ እውነትም መሆኑን በፈጣሪ ስም አረጋግጣለሁ። ከታች "ሰምቼ" የሚለው ቃል በእኔ ጥያቄ ተሰርዞ "በዓይኔ አንብቤ" ተብሏል።

የምስክሯ ፊርማ፦ እማዋይሽ ይሄይስ
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ክንፈሚካኤል ናሁሰናይ (ፊርማ)
ስርዝ ድልዙ በምስክሯ ጥያቄ የተደረገ ለመሆኑ፦ እማዋይሽ ይሄይስ (ፊርማ)